ከቡራዩ ሆኖ ስዌልን ማንበብ፦ የትኛው ሞገድ ለየትኛው የሰርፊንግ ቦታ?

በውቅያኖስ ዳርቻ ባለ ከተማ የሚኖር ሰርፈር (በቦርድ ሞገድ ላይ የሚንሸራተት ስፖርተኛ) ማለዳ ተነሥቶ ውኃውን ያይና ይወስናል። በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ የዓመት ፈቃድ አስፈቅዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ከቦሌ ተነሥቶ ዳካር ወይም ኬፕ ታውን እስኪደርስ ድረስ መመኪያው በስልኩ ላይ ያለው የትንበያ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያየው የሞገዱን ቁመት ነው። ቁመቱ ብቻውን የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። «ሁለት ሜትር» የተባለ ሞገድ በአንዱ ቦታ የዓመቱ ምርጥ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ቦርድ ይዞ ለመግባት የማያስደፍር የአረፋ ግርግር ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጡት የስዌሉ፣ ማለትም ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣው ሞገድ፣ ዓይነትና የቦታው የባሕር ወለል ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል።

የነፋስ ሞገድና ስዌል

ትምህርቱን ለመጀመር ባሕር አያስፈልግም። ከቡራዩ አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የገፈርሳን ግድብ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ መመልከት በቂ ነው። በመጀመሪያ የውኃው ገጽ ይሸበሸባል፤ ቀጥሎ ትንንሽ ሞገዶች ተጠጋግተውና አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ወደ አንድ ዳር ይገፋሉ፤ ነፋሱ ከበረታም ጫፋቸው ነጭ ይሆናል። በአንዱ ጫፍና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ነፋሱ ሲቆም እነርሱም ወዲያው ይጠፋሉ። እንዲህ የሚሆነው ነፋሱ በውኃው ላይ የሚሮጥበት ርቀት በጣም አጭር ስለሆነ ነው፤ ሞገድ እንዲያድግ ብርቱ ነፋስ፣ ለረጅም ሰዓት መንፈስና ሰፊ ውኃ ሦስቱም በአንድነት ያስፈልጋሉ።

በደቡባዊው ውቅያኖስ እነዚህ ሦስቱ ይገናኛሉ። ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በስተደቡብ የሚያልፍ ትልቅ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያስነሣው አውሎ ነፋስ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለቀናት ሲነፍስ፣ የተፈጠሩት ሞገዶች ከአውሎ ነፋሱ ወጥተው በራሳቸው ኃይል ይጓዛሉ። ስዌል የሚባለው ይህ ነው። የሚጓዘው ውኃው ሳይሆን ኃይሉ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ነፋስ የሱሉልታን የገብስ ማሳ ሲያወዛውዘው እንቅስቃሴው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል እንጂ አገዳው ከቦታው እንደማይነቀል ማለት ነው።

ስዌል ምን ያህል እንደሚጓዝ በልኬት ያሳየው በቪየና የተወለደው አሜሪካዊ የውቅያኖስ ተመራማሪ ዋልተር መንክ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ ድረስ የመለኪያ ጣቢያዎችን ዘርግተው፣ በደቡብ የተነሣ ስዌል ምድር ወገብን አቋርጦ ሰሜናዊውን ፓሲፊክ ሲደርስ ተከታትለዋል። መንክ ቀደም ሲል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኖርዌያዊው ሃራልድ ስቬርድሩፕ ጋር የቀመረው የሞገድ ትንበያ ዘዴ የአጋር አገሮች ጦር በ1944 በፈረንሳይ ኖርማንዲ ዳርቻ ሲያርፍ አገልግሏል፤ ዛሬ ሰርፈሮች በስልካቸው የሚያዩት ሰንጠረዥም የዚያ ሥራ የሩቅ ዘር ነው።

ከቁመት በፊት ፔሪየድ

በሰንጠረዡ ላይ ከቁመቱ አጠገብ በሰከንድ የተጻፈው ቁጥር ፔሪየድ ይባላል። ትርጉሙ አንድ የሞገድ ጫፍ በአንድ ቋሚ ነጥብ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪያልፍ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በግርድፉ ሲታይ ከ8 ሰከንድ በታች ያለው በአቅራቢያው ነፋስ የተፈጠረ፣ ከ12 ሰከንድ በላይ ያለው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ስዌል ነው። በመካከል ያለው ከሁለቱም ጠባይ ይወርሳል።

ፔሪየድ ይህን ያህል የሚያስፈልግበት ምክንያት በርካታ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚወስን ነው። የመጀመሪያው የሞገዱ ርዝመት ነው። በጥልቅ ውኃ የሞገድ ርዝመት በሜትር የፔሪየዱ ካሬ በ1.56 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ የ8 ሰከንድ ሞገድ 100 ሜትር ገደማ፣ የ16 ሰከንድ ሞገድ ደግሞ 400 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ፔሪየዱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ ሲያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው በ50 ሜትር፣ ሁለተኛው በ200 ሜትር ጥልቀት ላይ ወለሉ ይሰማዋል። ረጅሙ ሞገድ ገና ከባሕር ዳር ርቆ ሳለ ከወለሉ ቅርጽ ጋር መታጠፍ ይጀምራል ማለት ነው። ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ሲገባም ፍጥነቱ ይቀንስና ቁመቱ ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት በሰንጠረዡ ላይ 1 ሜትር ተኩል የተባለ ባለረጅም ፔሪየድ ስዌል ሲሰበር ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ኃይሉ ነው። የሞገድ ኃይል በቁመቱ ካሬና በፔሪየዱ ብዜት ልክ ያድጋል። 2 ሜትር ቁመትና 8 ሰከንድ ያለው ሞገድ 32 የሚል ውጤት ሲሰጥ፣ 1.5 ሜትር ቁመትና 16 ሰከንድ ያለው 36 ይሰጣል። በቁመት አጭሩ ከረጅሙ ይበረታል። ይህችን ትንሽ ስሌት በእያንዳንዱ ትንበያ ላይ መሥራት በጣም ይጠቅማል፤ በተለይ ጀማሪዎች «ዛሬ ትንሽ ነው» ብለው እንዳይታለሉ ትከላከላለች።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። የስዌል ቡድን በጥልቅ ውኃ ላይ በሰከንድ የሚጓዘው የፔሪየዱን 0.78 እጥፍ ሜትር ያህል ነው። የ16 ሰከንዱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ የ12 ሰከንዱ ደግሞ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አውሎ ነፋሱ የተነሣው 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ የመጀመሪያው ወደ 67 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ወደ 89 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ አዲስ ስዌል ሲመጣ በሰንጠረዡ ላይ ቀድሞ የሚታየው ቁመቱ አነስተኛ፣ ፔሪየዱ ግን በድንገት ከፍ ያለ መስመር ነው። ከዚያ ቁመቱ እየጨመረ ፔሪየዱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ይህን ቅደም ተከተል ለይቶ ያየ ሰው የጉዞውን ቀን ለመምረጥ በጣም ይቀለዋል።

ትንበያውን በዓይን ማመሳከርም ይቻላል። ብዙ የሰርፊንግ ቦታዎች በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ አላቸው። በምስሉ ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከውኃው የወጣ ድንጋይ ወይም የመልሕቅ ምልክት ይምረጡ፤ አንድ የሞገድ ጫፍ እዚያ ሲደርስ የስልክዎን ሰዓት ያስነሡ፤ አሥራ አንደኛው ጫፍ ሲደርስ ያቁሙና ሰከንዱን ለ10 ያካፍሉ። አሥራ አንደኛው መሆኑ በስሕተት አይደለም፤ በአሥራ አንድ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት አሥር ነውና። ውጤቱ ከትንበያው በሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ በስዌሉ ላይ የአካባቢ ነፋስ ሞገድ ተደርቦበታል ማለት ነው። የአካባቢያችን የመብራትና የኔትወርክ ጠባይ ስለሚታወቅ ምስሉን በቻሉበት ሰዓት ቀድቶ ማስቀመጥ ይመከራል።

አሸዋማ ዳርቻ

ቢች ብሬክ በሚባለው ቦታ ሞገዱ የሚሰበረው በአሸዋ ክምር ላይ ነው። አሸዋው ይንቀሳቀሳል፤ ከአንድ ብርቱ ማዕበል በኋላ ትናንት ጥሩ የነበረው ቦታ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ረጅም ፔሪየድ ሁልጊዜ መልካም አይደለም። ባለ 15 ወይም 16 ሰከንድ ስዌል የሚመጣው በረጃጅም፣ ቀጥ ባሉ መስመሮች ነው፤ እንዲህ ያለው መስመር ቀጥ ያለ አሸዋማ ዳርቻ ሲያገኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ሰርፈሩ የሚሸሽበት ያልተሰበረ ግድግዳ ስለማይኖር ቢነሣም የሚጠብቀው መውደቅ ነው።

ለአሸዋማ ዳርቻ የሚስማማው ከ7 እስከ 11 ሰከንድ ያለው ስዌል ነው፤ በተለይም ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ሞገዶች ሲሻገሩ መስመሩ ተቆራርጦ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚከፈቱ አጫጭር ቁንጮዎች ይፈጠራሉ። የወለሉ ተዳፋትም ይወስናል። ወለሉ ለስለስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ሞገዱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ በአረፋ ይፈርሳል፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነና ፔሪየዱ ከረዘመ ግን ከንፈሩ (የሞገዱ የላይኛው ጫፍ) ወደ ፊት ተወርውሮ በጉልበት ይወድቃል። በኬፕ ታውን አጠገብ በፎልስ ቤይ ውስጥ ያለው ሙዘንበርግ ለጀማሪ የተመቸ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ስዌል ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲታጠፍ ቁመቱ ይቀንሳል፤ ወለሉም ለስላሳ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው የክረምታቸው ነፋስ ደግሞ እዚያ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚሄድ የሞገዱን ገጽ ያስተካክላል። በበጋቸው የሚበረታው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ግን በተቃራኒው ያበላሸዋል።

በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደው በእንዲህ ያለ አሸዋማ ዳርቻ፣ በጃፓን ቺባ ግዛት በሚገኘው ሱሪጋሳኪ ነበር። በሐምሌ 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የሐሩር ማዕበል ወደ ጃፓን ተጠግቶ ስለነበር የፍጻሜው ቀን ቀደም እንዲል ተደርጓል፤ ማዕበሉ ቅርብ በመሆኑም ውኃው ሞገድ ቢኖረውም የተዘበራረቀ ነበር። የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ በፍጻሜው ቦርዱ ተሰብሮበት ቀይሮ ቀጥሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ውድድሩ ታሂቲ ወደሚገኘው ቴአሁፖ ሲዛወር ሌላ ስፖርት እስኪመስል ድረስ ተለውጧል።

ኮራልና ድንጋይ

ቴአሁፖ ሪፍ ብሬክ ነው፤ ሞገዱ የሚሰበረው በኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት) ወይም በድንጋይ ወለል ላይ ነው ማለት ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ረጅም ስዌል በጥልቅ ውኃ ላይ ፍጥነቱን ሳያጣ ይደርስና በድንገት ጥልቀት ከሌለው የኮራል ወለል ጋር ይጋጫል። ቁመቱ ወዲያው ይነሣል፤ ከንፈሩም ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ እየሠራ ይወድቃል። ወለሉ ስለማይንቀሳቀስ ሞገዱ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ይሰበራል። ለዚህ ዓይነት ቦታ ረጅም ፔሪየድ ጸጋ ነው። አጭር የነፋስ ሞገድ ግን ወለሉን በቅጡ ሳይነካ ያልፋል፤ ገጹም ሻካራ ይሆናል።

ጥንቃቄው ጥልቀቱ ላይ ነው። ሞገድ በአብዛኛው የሚሰበረው ጥልቀቱ የቁመቱን 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው፤ የ1 ሜትር ሞገድ በ1.3 ሜትር ውኃ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ከሥር ያለው አሸዋ ሳይሆን ስለታም ኮራል ሲሆን ይህ ቁጥር ትርጉሙ ይከብዳል። ስለዚህ በሪፍ ላይ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሳያዩ መግባት አይገባም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እንደሚሰፋም አይዘንጉ።

ወደ ባሕር የገባ የየብስ ጫፍ

ፖይንት ብሬክ ስዌል በየብስ ጫፍ ዙሪያ ታጥፎ የሚሰበርበት ቦታ ነው፤ በእኔ ግምት የስዌልን ዓይነት ለመማር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘውን ጄፍሪስ ቤይን እንውሰድ። ከደቡብ ምዕራብ የመጣው ስዌል ዳርቻውን በቀጥታ አያገኘውም፤ ጫፉን ዞሮ ነው የሚገባው። ወለሉን ቀድሞ የሚነካው ረጅሙ ሞገድ ስለሆነ በደንብ ታጥፎ የሚገባውም እርሱ ነው፤ አጭሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ያልፋል። በመታጠፍ ቁመቱ የተወሰነ ቢቀንስም መስመሩ ተስተካክሎ፣ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ተራ በተራ እየተሰበረ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሄዳል። በአሸዋማ ዳርቻ ላይ የሚያስቸግረው ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር እዚህ በረከት የሚሆነው፣ ዳርቻው ራሱ ለሞገዱ አግድም ስለተቀመጠ ነው።

የወቅቱ ጉዳይ ለእኛ ደስ የሚል አጋጣሚ አለው። የጄፍሪስ ቤይ ምርጥ ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ናቸው፤ በዚያ ጊዜ እዚያም ክረምት ስለሆነ ቀዝቃዛዎቹ አውሎ ነፋሶች ይበረታሉ፤ ተከትሏቸው የሚነፍሰው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስም ከየብስ ወደ ባሕር ይሄዳል። ሱሉልታ በጭቃና በጉም ተይዛ ሰው ከቤት መውጣት በሚሰለችበት ወር እነርሱ ዋና ወቅታቸው ላይ ናቸው። ስፖንጅ መሰል ወፍራም የዋና ልብስ ግን የግድ ነው።

የፖርቱጋሏ ናዛሬ ለየት ያለ ምሳሌ ናት። ከዳርቻው የሚጀምር ጥልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆ ስላለ፣ በሸለቆው ላይ የሚያልፈው የስዌል ክፍል ፍጥነቱን ይዞ ሲመጣ ከጎኑ በሚገኘው ጥልቀት አልባ ውኃ ላይ ያለው ይዘገያል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቁመታቸው ይደመራል። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ሽቶይድትነር በጥቅምት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተንሸራተተበት 26.21 ሜትር ሞገድ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ከገደሉ ላይ ሆኖ መመልከት ይበቃዋል።

ቁጥሩን ወደ ቦታ መለወጥ

እስካሁን የተባለውን በዳካር ላይ እንሞክረው። ከተማዋ በአፍሪካ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ባለ ልሳነ ምድር ስለተቀመጠች ከሰሜን አትላንቲክም ከደቡብ አትላንቲክም ስዌል ታገኛለች። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሰሜኑ ይበዛል። በሰሜናዊው ዳርቻ ላይ አሸዋማው ዮፍና ድንጋያማው የንጎር ደሴት ተቀራርበው ይገኛሉ። ትንበያው «ሰሜን ምዕራብ፣ 1.5 ሜትር፣ 15 ሰከንድ» ካለ ንጎር ይሠራል፤ በዮፍ ግን መስመሩ ብዙውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። «ሰሜን፣ 1.5 ሜትር፣ 8 ሰከንድ» ካለ ንጎር ሻካራና ደካማ ይሆናል፤ ዮፍ ደግሞ ቁንጮ ያላቸው አጫጭር ሞገዶች ይሰጣል። ቁመቱ አንድ ነው፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን ተቀየረ።

በትንበያ ላይ የተጻፈው አቅጣጫ ስዌሉ የመጣበት እንጂ የሚሄድበት አይደለም፤ የነፋሱም እንዲሁ። ቀስቱ ወደየት እንደሚያመለክት ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ሊለያይ ስለሚችል ከቀስቱ ይልቅ ጽሑፉን ወይም ዲግሪውን ያንብቡ፤ 225 ዲግሪ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከዚያ ካርታ ከፍተው በስዌሉ መምጫና በቦታው መካከል ደሴት ወይም የየብስ ጫፍ መኖሩን ይመልከቱ። ቀይ ባሕር ቅርባችን ሆኖ ሳለ የሰርፈሮች መዳረሻ ያልሆነው ዙሪያው ከሞላ ጎደል በየብስ ስለተዘጋና የውቅያኖስ ስዌል ስለማይገባው ነው።

ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ለስላሳ አሸዋማ ዳርቻ፣ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ቁመት፣ ከ10 ሰከንድ ያልበለጠ ፔሪየድ፣ ቀላል ነፋስ። ፔሪየዱ ከ14 ሰከንድ ካለፈ ሞገዶቹ በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ በቡድኖቹ መካከል ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ሊል ይችላል። ያ ጸጥታ ብዙዎችን ያታልላል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ዳር ቆመው ትልቁ ቡድን ምን እንደሚመስልና ወደ ባሕር የሚጎትተው ጅረት በየት በኩል እንደሚወጣ ያጥኑ።

የሰዓት አቆጣጠርን በተመለከተ ሰንጠረዡ በግሪንዊች ሰዓት ወይም በቦታው ሰዓት ሊጻፍ ስለሚችል መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። የዳካር ሰዓት ከግሪንዊች ጋር አንድ ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ይዘገያል። በሰንጠረዡ ላይ 7፡00 የተባለው የማለዳ የባሕር ጉድለት እዚያ ላለ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ በዚያው ቅጽበት ቡራዩ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ከአስጎብኚ ወይም ቦርድ ከሚያከራይ ሰው ጋር ሲቃጠሩ በቦታው ሰዓትና በእነርሱ አቆጣጠር ይጻፉ።

ከአንድ ሳምንት በላይ የራቀ የስዌል ትንበያ አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ ቀን አያስቆርጥም። ስለዚህ ትኬቱን የቦታውን ምርጥ ወራት አይተው ይግዙ፤ ማረፊያውን ግን የተለያየ ዓይነት ቦታ በአቅራቢያው ባለበት ይያዙ። ከመነሣትዎ ሦስት ቀን በፊት ፔሪየዱን፣ አቅጣጫውን፣ ነፋሱን፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት በዚሁ ቅደም ተከተል እንደገና ይመልከቱ፤ የመጣው ስዌል ያሰቡበትን ቦታ የማይስማማ ከሆነም እዚያው ከተማ ውስጥ የሚስማማውን ዳርቻ ይምረጡ።